88 የነበረው ወይን ለምን 74 ሆነ?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ሐሳቡን ሳልነካ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ደመወዝ ሲወጣ ገንዘብ አዋጥተን ኪስ የማይጎዱ ቀይ ወይኖች እንገዛለን። አብዛኞቹ ከሁለትና ከሦስት ዓይነት የወይን ፍሬ የተደባለቁ ናቸው። እየቀመስን ከ100 ነጥብ እንሰጣለን፤ ደብተር ላይም እንመዘግባለን። ግን ባለፈው ወር 88 ያገኘ ወይን በዚህ ወር 74 ሆነ። ጣፋጩ ሁልጊዜ ያሸንፋል። መስማማት ሲያቅተን ደግሞ ‹ውዱ ይሻላል› ብለን እንዘጋዋለን። እርስዎ በቡና ቅምሻ የኖሩ ሰው ነዎት። የተለወጠው ወይኑ ነው ወይስ እኛ?»

ወንድሜ፣ ወይኑም ሊለወጥ ይችላል። የምርት ዓመቱ ይለያያል። አንዱ ጠርሙስ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይሆናል። ነጥብን ከ88 ወደ 74 የሚያወርደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አቀማመሱ ነው። ወይኑ ስሙ ተሸፍኖ ሁለት ጊዜ ቀርቦልህ ተቀራራቢ ነጥብ ካልሰጠኸው፣ ያ ነጥብ ስለ ወይኑ የሚነግርህ ነገር የለም። ስለዚያ ምሽት ብቻ ነው የሚነግርህ። ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ ይህን ለማስተካከል ነው።

በዚህ እንዳታፍሩ ደግሞ። ሙያዬ ነው የሚሉትም ይቸገራሉ። ሮበርት ሆጅሰን የሚባል ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ትልቅ የወይን ውድድር ላይ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ዳኞቹ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን፣ ሳያውቁት፣ ሦስት ጊዜ ይቀርብላቸው ነበር። ነጥባቸው ሳይዋዥቅ የቆየው ከአሥር ዳኞች አንዱ ያህል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ያንኑ ወይን አንዴ 10 ዶላር፣ አንዴ 90 ዶላር ነው እያለ ለሰዎች አቀረበ። 90 የተባለው በለጠባቸው። አንጎላቸው በማሽን ሲታይም ከደስታ ጋር የሚያያዘው ክፍል በ«ውዱ» ወይን ጊዜ የበለጠ ይሠራ ነበር። ሰዎቹ አልዋሹም ማለት ነው። የእውነት ጣፍጧቸዋል። «ውዱ ይሻላል» ብላችሁ የምትዘጉት ክርክር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዋጋውን አይታችሁ ከቀመሳችሁ ምላሳችሁ ራሱ ወደ ውዱ ያደላል።

ጅማ ሆናችሁ ደግሞ መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ የለባችሁም። ቡና ቅምሻ ክፍል ሲገባ የነጋዴው ስም አይታይም፤ ያለው ኮድ ነው። ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ ሳያውቅ ያሸታል፣ በማንኪያ ምጥጥ አድርጎ ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ይጽፋል። ለልዩ ቡና በሚሠራበት ዓለም አቀፍ አሠራር ደግሞ ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀርባል። ለምን አምስት? አንዷ ስኒ ከተበላሸች እንድትታወቅ ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ወይን ማዞር ብዙ ሥራ አይደለም።

ከክፍሉ እንጀምር። የምትቀምሱበት ቤት ውስጥ በዚያ ሰዓት ቡና አይቆላ፣ ዕጣንም አይጨስ። ይህ በእኛ ከተማ ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የተቆላ ቡና ሽታ በሞላበት ቤት የርካሽ ወይን ሽታ ምንም አይወጣም። ሽቶ የተቀባ ሰው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመ ወዳጅ ካለ ደግሞ በዚያ ቀን ነጥብ ባይሰጥ ይሻላል። ጫት ታኒን የሚባል አፍን የሚያደርቅ ነገር አለው፤ ቀይ ወይን ውስጥም ያለው ነው፤ ሁሉም ወይን እንጨት እንጨት ይለዋል። ጥብስም ሆነ ወጥ ከቅምሻው በኋላ ይምጣ። በመሀል አፍ ማጽጃው ውሃና ባዶ ዳቦ ነው። አይብ አታቅርቡ። ስቡና ፕሮቲኑ ታኒኑን ይሸፍነዋልና ሻካራው ወይን ለስላሳ መስሎ ያልፋል።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም የሚል ልማድ አለ። ልማዱ የመጣው ቤታቸው ቀዝቃዛ ከሆነ አገሮች ነው። ቀይ ወይን ጥሩ የሚሆነው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ነው። በጅማ የበጋ ከሰዓት ቤት ውስጥ የቆመ ጠርሙስ ከዚያ በደንብ ያልፋል። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬው ይጠፋል። ከመቅመሳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ። ያ የ88 እና የ74 ልዩነት ከፊሉ እዚህ ሊሆን ይችላል፤ አንዱን በዝናብ ወቅት፣ አንዱን በጠራራ ፀሐይ ቀምሳችሁት ከሆነ ማለቴ ነው።

ብርጭቆው አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ ይሁን። የሻይ ብርጭቆ ሽታውን አይሰበስብም። ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ብርጭቆ ይያዝ። ለአንድ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። 750 ሚሊ የሚይዘው ጠርሙስ በዚህ ልክ 25 ጊዜ ይቀዳል። መትፊያ ስኒ አስቀምጡ። እየዋጡ ስድስት ወይን መመዘን አይቻልም፤ አራተኛው ላይ ሁሉም ጎበዝ ወይን ይሆናል።

አሁን አሸፋፈኑ። አንድ ሰው ብቻውን ጠርሙሶቹን ይከፍታል፤ ቡሹንና ቆርኪውን ይደብቃል፤ እያንዳንዱን ጠርሙስ እስከ አንገቱ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ከዚያ ይወጣል። ሌላ ሰው ገብቶ ቦታቸውን ይለዋውጥና ቁጥር ይጽፍባቸዋል። በዚህ መንገድ የትኛው የቱ እንደሆነ ብቻውን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ከዚያ የምወደው ነገር ይመጣል። ከወይኖቹ አንዱ ሁለት ጠርሙስ ተገዝቶ በሁለት የተለያየ ቁጥር ይቅረብ። ነጥብ ሰጥታችሁ ስትጨርሱ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ተያዩ። ከ20 ነጥብ (ለምን ከ100 እንዳልሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ) ከሁለት በላይ ያራራቃቸው ሰው በዚያ ምሽት የሰጠው ነጥብ አይመዝገብ። ቅጣት አይደለም፤ ሚዛኑ በዚያ ቀን አልሠራም ማለት ብቻ ነው። ሁለቱን ሁሉም ሰው እኩል ካራራቃቸው ግን ጠርሙሶቹ ራሳቸው ይለያያሉና አንዱ ላይ ጉድለት ፈልጉ።

ራስህን ብቻህን መፈተን ከፈለግህ ሦስት ብርጭቆ አሰልፍ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን አውጣ። በግምት የመሳካት ዕድልህ ከሦስት አንድ ነው። አራት ጊዜ በተከታታይ ካወጣኸው ግን በግምት የመሆኑ ዕድል ከ81 አንድ ነው። ያኔ ምላስህን እመን።

ብርጭቆው ፊትህ ሲቀመጥ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ሳትነቀንቀው አሽትተው። ክፉ ሽታ ካለ ቀድሞ የሚመጣው እዚህ ነው። እርጥብ ካርቶን ከሸተተህ ቡሹ አበላሽቶታል። ቢቆይም አይለቅም፤ ጤና አይጎዳም፣ ፍሬውን ግን ይገድለዋል። አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ወደ ኮምጣጤነት ሄዷል። የተበላሸ እንቁላል ወይም የተጫረ ክብሪት ከሆነ አትቸኩል። ብርጭቆውን ደጋግመህ አሽከርክረው፣ አምስት ደቂቃ ስጠው፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ገና ልጅ ሆኖ ቀለሙ ቡኒ የሆነ፣ ሽታው የደከመ ወይን አየር ወይም ሙቀት ነክቶታል። ቡሹ ወደ ላይ የተገፋ ወይም አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር የደረቀበት ጠርሙስ ደግሞ ሳይከፈትም ይጠረጠራል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት መኪና የመጣ ዕቃ ነው፤ በመንገድም በሱቅም ብዙ ሙቀት ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከመደርደሪያው ፊት ያለውን ሳይሆን ከኋላ፣ ጥላ ውስጥ ያለውን አውጣ።

እዚህ ላይ የጅማ ሰው የተሻለ አፍንጫ አለው ብዬ አምናለሁ። መሬት ላይ የደረቀ ቡና የአፈር ጣዕም ይዞ እንደሚመጣ፣ ሳይደርቅ በጆንያ የታሰረ ቡና ሻጋታ ሻጋታ እንደሚል እዚህ ያደገ ሰው ያውቃል። ጉድለትን ማሽተት ፍራፍሬ ከመቁጠር ይቀድማል። ሰዎች ወይን ቀማሽ ለመሆን «ብላክቤሪ፣ ቼሪ፣ ቫኒላ» ማለት ያለባቸው ይመስላቸዋል። ብላክቤሪ በልቶ የማያውቅ ሰው ብላክቤሪ ሸተተኝ ብሎ ቢጽፍ ደብተሩን ነው የሚያበላሸው። የምታውቀውን ጻፍ። እንጆሪ ካልክ እንጆሪ፣ የደረቀ ቴምር ካልክ ቴምር፣ ቁንዶ በርበሬ ካልክ ቁንዶ በርበሬ። ዋናው፣ በሚቀጥለው ወር ስታነበው ምን ለማለት እንደፈለግህ ማወቅህ ነው።

ቀጥሎ አሽከርክረህ አሽት፤ ከዚያ ትንሽ ያዝ። ከአየር ጋር ምጥጥ አድርገህ በምላስህ ዙሪያ አንቀሳቅሰው፤ ቡና ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው። አራት ነገር ጠይቅ። ምራቅህ ከጎን ይመጣል? እሱ አሲዱ ነው። ድድህና ከንፈርህ ውስጥ ይደርቃል? ታኒኑ ነው። ጉሮሮህ ላይ ይሞቃል? አልኮሉ ነው። ምላስህ ላይ ይጣፍጣል? ስኳሩ ነው። ታኒንንና ምሬትን ለይቶ ማወቅ ያቃተው ሰው ካለ ቤት ውስጥ ይለማመድ። የውሽውሽ ሻይ ቅጠል ያለ ስኳር ለአሥር ደቂቃ ይዘፍዝፍና ቀዝቅዞ ይቅመሰው። ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ነው። በጠጅ ውስጥ ጌሾው የሚያመጣው ደግሞ ምሬት ነው። ሁለቱን ለየብቻ ካወቅሃቸው ወይን ውስጥ ስታገኛቸው አይምታቱብህም።

ከተፋህ በኋላ በልብህ ቁጠር። ደስ የሚለው ጣዕም አምስት ሳትቆጥር ከጠፋ አጭር ነው። አሥር ካለፈ ለርካሽ ወይን ጥሩ ነው። ጣዕሙ ጠፍቶ ድርቀቱ ብቻ ከቀረ ግን እንደ ርዝመት አትቁጠርለት።

ወደ ድብልቁ ልምጣ፤ ጥያቄህ የእሱ ነውና። ወይን የሚደባለቀው ለማጭበርበር አይደለም። በፈረንሳይ የቦርዶ ሰዎች ትልልቅ ወይኖቻቸውን የሚሠሩት ካበርኔ ሳቪኞን የሚባለውን የወይን ፍሬ ከሜርሎና ከሌሎች ፍሬዎች ጋር አደባልቀው ነው። ካበርኔ ታኒንና አጥንት ይሰጣል። ሜርሎ መሀሉን ይሞላል፣ ያለሰልሳል። ሲራ ቀለምና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ያመጣል። በርካሽ ወይን ላይ ግን መደባለቅ ሌላም ሥራ አለው፤ ዘንድሮ የደከመውን ፍሬ በሌላው መደገፍና ጣዕሙ በየዓመቱ እንዳይለዋወጥ ማድረግ። ስለዚህ ከርካሽ ድብልቅ የምትጠብቀው ብዙ ባሕርይ ሳይሆን ሚዛን ነው። የትኛውም ነገር ጎልቶ ካልወጣ፣ አሲዱም ታኒኑም አልኮሉም በየቦታቸው ከሆኑ፣ ሥራውን ሠርቷል። የአንድ ፍሬ ስም ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስም ቢሆን ንጹሕ አንድ ፍሬ ላይሆን ይችላል። በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ሕግ 85 ከመቶው ያ ፍሬ ከሆነ ይበቃል፤ በአሜሪካ በአብዛኛው 75።

ይህን በወሬ ከምትረዱት በእጃችሁ ሥሩት። ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ ላይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ የሚባለው ወይን ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሳቪኞን ተብሎ በየፍሬው ስም ይሸጣል። ሦስቱን ግዙ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ያዙ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው ቅመሱ። ከዚያ በአንድ ብርጭቆ 18 ሚሊ ካበርኔ፣ 9 ሚሊ ሜርሎ፣ 3 ሚሊ ሲራ ቀላቅሉ። በሌላው ሜርሎውን 18፣ ካበርኔውን 9 አድርጉ፤ ሲራው እዚያው ይቆይ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትቀምሱ ድዳችሁ ላይ የሚመጣው ልዩነት ድብልቅ ማለት ምን እንደሆነ ከማንኛውም ጽሑፍ በላይ ያስረዳችኋል። 3 ሚሊዋ ሲራ ሽታው ላይ የምትሠራውንም ተመልከቱ። ከዚህ በኋላ «ይሄ ወይን መሀሉ ባዶ ነው» ወይም «ታኒኑ በዝቷል» ስትሉ ምን እንደጎደለው እያወቃችሁ ነው የምትናገሩት።

ጣፋጩ ሁልጊዜ ያሸንፋል ያልከኝ አያስገርምም። ስኳር አሲድን ይሸፍናል፣ ምሬትንም ያለዝባል። በአንድ ጉንጭ ቅምሻ ደረቁ ወይን ከጣፋጩ አጠገብ ሲቀርብ የጎመዘዘ ይመስላል። በአውሮፓ መለኪያ ደረቅ የሚባለው በአብዛኛው በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ያለው ነው፤ መካከለኛ ጣፋጭ የሚባለው ከ12 በላይ እስከ 45 ይደርሳል። በአንድ ሰልፍ የሚወዳደሩ አይደሉም። ጉደር ደረቅ ነው፤ አክሱሚት ጣፋጭ ነው። አካሲያ ራሱ ደረቅ ቀይም መካከለኛ ጣፋጭ ቀይም አለው፤ ስትገዙ የጠርሙሱን ጽሑፍ ካላነበባችሁ በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ወይን ትመዘግባላችሁ። ያ የ88 እና የ74 ነገር ከዚህም ሊመጣ ይችላልና ደብተራችሁን መልሰህ እይ። ደረቆቹን በአንድ ምሽት፣ ጣፋጮቹን በሌላ ምሽት ቅመሱ። የግድ አንድ ምሽት ከሆነ ደረቁ ይቅደም።

ጣፋጭ ወይን ዝቅ ያለ ነው እያልኩ አይደለም። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ከደረቁ የሚሻለው እሱ ነው። ታኒንና አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳሉ፤ ስኳር ያበርዳል። ደረቁ ደግሞ በርበሬ ካልበዛበት ጥብስ ጋር ቦታው ነው።

ነጥቡን በተመለከተ ከ100 መስጠቱን ተዉት። የወይን መቶ ነጥብ በተግባር ከ50 የሚጀምር ነው፤ ጀማሪዎች ደግሞ ሁሉንም ነገር በ75 እና በ90 መሀል ይከምሩታል። 83 እና 86ን የሚለይ ምላስ ገና የላችሁም። የካሊፎርኒያው ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ከ20 ነበር፤ አብዛኛው ነጥቡም ጉድለት ፈላጊ ነው። ለእናንተ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ለንጽሕና 5፣ ለሚዛን 7፣ ለሽታና ለጣዕም 5፣ ለቆይታ 3። ሚዛኑን ከፍ ያደረግሁት አስቤበት ነው፤ ከርካሽ ድብልቅ የሚጠበቀው እሱ ነውና። የአገራችን ቡና ሲመዘን 40 ከመቶው ለጥሬው፣ 60 ከመቶው ለስኒው እንደሚሰጠው፣ የት ላይ ክብደት መጣል እንዳለበት አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ይጻፍ። አንድ ሰው «ኧረ ይሄ ጨዋ ወይን ነው» ካለ በኋላ የሚጻፈው ነጥብ የእሱ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ስትሰበስቡም አማካይ ከመውሰድ መሀል ላይ ያለውን ነጥብ ውሰዱ፤ አንድ ሰው በጣም ወዶት ወይም ጠልቶት ሌሎቹን እንዳይጎትት።

ዋጋው የሚነገረው ጋዜጣው ሳይቀደድ፣ ነጥቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቁጥር በቁጥር ዋጋውን አንብቡና እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ «በዚህ ዋጋ ከራሴ ኪስ ደግሜ እገዛዋለሁ?» አዎ ወይም አይ ብቻ። ነጥቡንና ይህን መልስ አትደምሩት፤ ጎን ለጎን ይጻፉ። 13 አግኝቶ ሁሉም «አዎ» ያለው ወይን አለ፤ 16 አግኝቶ ማንም የማይደግመውም አለ። ለገበያ ስትወጡ የሚጠቅማችሁ የመጀመሪያው ነው።

የተረፈውን አትድፉት። በየጠርሙሱ ትንሽ አስቀሩ፣ ክደኑት፣ ፍሪጅ ይደር። በማግስቱ እንደ ትላንቱ ሸፍናችሁ ድገሙት። አንዳንዱ ታኒኑ ለስልሶ የተሻለ ሆኖ ያድራል። ትላንት በስኳር ወይም በሽታ ያሸነፈው ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የማግስቱን ነጥብ በሌላ ቀለም ጻፉት።

ለሚቀጥለው ደመወዝ አምስት ጠርሙስ ይበቃችኋል። አራት የተለያየ ደረቅ ቀይ፣ ከአራቱ ያ 88 እና 74 ያገኘው አንዱ ይሁን፤ አምስተኛው የእሱ መንታ። ነጥባችሁን ስትጨርሱ መጀመሪያ የምትፈቱት የእነዚያን የሁለቱን ጋዜጣ ነው።